ቤሊ ዳንስ ስጨፍር ቋ ይል የነበረው ወገቤ እንዴት ተሻለው

ሁለት ወር ሙሉ አስጨንቆኛል። ዳሌዬን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ሳዞር፣ በተለይ «ማያ» የምንለውን ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ስሠራ፣ ታችኛው ወገቤ በቀኝ በኩል ቋ ይላል። አያመኝም። ድምፁ ግን ያስፈራል።

ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄድኩ። ሕመም አለሽ? እግርሽ ይደነዝዛል? ይዝላል? አለችኝ። አንዱም የለም። ከነዚህ አንዱ ቢኖር፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ቢያቅት፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ግድ ነው። ሕመም የሌለው ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ፣ ወይም ጅማት አጥንት ላይ ሲንሸራተት የሚመጣ ነው። እፎይ አልኩ።

ከዚያ «እስኪ ጨፍሪልኝ» አለች። ችግሩ ያኔ ታየ። ጉልበቴን ቀጥ አድርጌ ቆልፌዋለሁ። መቀመጫዬ ወደ ኋላ ወጥቷል። ዳሌዬን የማነሳው በእግሬና በጎኔ ጡንቻ ሳይሆን ወገቤን አጉብጬ ነው።

አሁን ጉልበቴን ለስለስ አድርጌ አጠፍ አደርገዋለሁ። ጭራ አጥንቴን ወደ መሬት እለቀዋለሁ። እንቅስቃሴውን በግማሽ አሳነስኩት፤ ሰፊ ዙር ስለምወድ ይሄ ነው የከበደኝ። ከዳንስ ትምህርቱ በፊት 10 ደቂቃ እሟሟቃለሁ። ማታ ማታ በጀርባዬ ተኝቼ፣ እግሬን አጥፌ፣ መቀመጫዬን 10 ጊዜ ወደ ላይ አነሳለሁ፤ 3 ዙር። ወገቤን እያጣመምኩ ሆን ብዬ ማንቋቋቱንም ተውኩ።

በስድስተኛው ሳምንት ድምፁ ጠፋ። አሁን የሚመለሰው ሳልሟሟቅ የገባሁ ቀን ብቻ ነው።