አምስት ሙዚቀኛ በአንድ ማይክ፦ የብሉግራስ ባንድ መድረክ ላይ እንዴት ይቁም?

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የብሉግራስ (በክር መሣሪያዎች የሚጫወት የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ) ባንዶች ራዲዮ ጣቢያም ሆነ መድረክ ላይ አንድ ማይክ ከበው ነበር የሚጫወቱት። ኋላ ለየሰዉ ማይክ ሲታደል ዘዴው ወደ ጎን ተባለ። በ1963 የብሉግራስ አባት ከሚባለው ቢል ሞንሮ ጋር የሠራው ዘፋኝ ዴል መኩሪ ግን በ1990ዎቹ ከልጆቹ ጋር ወደ አንድ ማይክ ተመለሰ፤ ብዙ ወጣት ባንዶችም ተከተሉት። ሲታይ ያምራል፤ ሳይለማመዱ ከሞከሩት ግን ጉድ ያፈላል።

መሠረቱ አንድ ነው፦ ድምፅ የሚጨምረውና የሚቀንሰው በእግር ነው እንጂ ሚክሰሩ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) ላይ በተቀመጠው ሰው አይደለም። ከማይኩ ያላችሁ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፃችሁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ከ20 ሳንቲ ሜትር ወደ 40 መራቅና ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር መራቅ እኩል ለውጥ ያመጣሉ ማለት ነው። ስለዚህ ቅርብ ስትሆኑ በጥቂት ጣት ተንቀሳቀሱ፤ ሩቅ ስትሆኑ ሙሉ እርምጃ ያስፈልጋል።

ዘፋኞች አፋቸው ላይ አስጠግተው የሚይዙት ተራ ዳይናሚክ ማይክ እዚህ አይሆንም፤ ከአንድ ስንዝር ሲርቁት ድምፁ ይሳሳል። የሚያስፈልገው ትልቅ ዲያፍራም (ድምፅ የሚቀበል ስስ ሽፋን) ያለው ኮንደንሰር፣ ማለትም ከርቀትም የሚሰማ ስሜታዊ ማይክ ነው፤ ዓይነቱ ካርዲዮይድ፣ ማለትም ከፊት በደንብ፣ ከኋላ እምብዛም የማይሰማ። ከሚክሰሩ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ) መከፈቱን አረጋግጡ፤ ካልተከፈተ ማይኩ ዝም ይላል። የእግር ኮቴ እንዳይገባ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ማቆሚያው ክብና ከባድ መቀመጫ ይኑረው፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ሰው ይጠልፋል። ከፍታው በመሪው ዘፋኝ አገጭ ልክ ይሁን። አፍ ላይ ከሆነ ማንዶሊኑና ጊታሩ ይጠፋሉ፤ ደረት ላይ ከወረደ ደግሞ ዘፈኑ ይቀበራል።

ቁም ባሱን በዚህ ማይክ ለማሰማት አትሞክሩ። በራሱ ፒክአፕ (መሣሪያው ላይ በሚለጠፍ ድምፅ ተቀባይ) በሌላ መስመር ይግባ፤ ባሲስቱም ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይቁም።

ማይኩ የሚጮኸው ከስፒከር የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ነው። ስፒከሮቹን ከማይኩ ቢያንስ ሁለት ሜትር ወደ ፊት አውጡ፤ ሞኒተሮችን (ወደ ሙዚቀኞቹ የዞሩትን ስፒከሮች) ዝጉ። «ታዲያ እንዴት እንሰማማለን?» ይባላል። ትከሻ ለትከሻ ቆማችሁ ካልተሰማማችሁ አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ እየተጫወታችሁ ነው። አዳራሹ ባዶ እያለ ድምፁን ማፏጨት እስኪጀምር ከፍ አድርጉ፤ የሚያፏጨውን ፍሪኩዌንሲ በኢኳላይዘር ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቀንሱ፤ ይህን ሦስት አራቴ ደግሙ። ከዚያ አጠቃላዩን በ6 ዴሲቤል አውርዳችሁ ተዉት። በኢኳላይዘሩ ከዚህ በላይ ከቆረጣችሁ ጊታሩ የቆርቆሮ ድምፅ ይሰጣል። ኮምፕረሰር (ከፍተኛና ዝቅተኛ ድምፅን የሚያቀራርብ መሣሪያ) አታስገቡ፦ ወደ ኋላ ስትሸሹ እሱ ድምፃችሁን መልሶ ያነሳና የእግራችሁን ሥራ ያፈርሰዋል።

አሁን እንቅስቃሴው። ዘፋኙ ከማይኩ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይቁም። በሦስት ድምፅ ሲዘፈን መሪው መሃል ይሆናል፤ ከላይ የሚዘፍነው ቴነር ድምፁ ስለሚወጋ ግማሽ እርምጃ ይሽሽ። ባንጆ ከሁሉም ጯሂ ስለሆነ ሶሎ ሲጫወት እንኳ ከ40 ሳንቲ ሜትር አይጠጋ፤ ጊታር ግን በ15 ሳንቲ ሜትር ካልቀረበ አይሰማም፤ ሌሎቹም ያን ጊዜ እጃቸውን ማቅለል አለባቸው። የፊድል (የቫዮሊን) ተጫዋች በቀስቱ በኩል ባዶ ቦታ ይተውለት፤ አለበለዚያ ማይኩን ወይም የጎረቤቱን ጆሮ ይመታል።

ሶሎ ያለው ሰው ዘፋኙ የመጨረሻውን ስንኝ ሳይጨርስ መንቀሳቀስ ይጀምር፤ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የተነሳ ሰው የሶሎው መግቢያ አይሰማለትም። መግቢያው ከአንድ ጎን፣ መውጫው ከሌላው ይሁን፤ ስታልፉ የጊታሩንና የባንጆውን አንገት ወደ ላይ አንሱ። ማንዶሊኑ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ የሚመታው ቾፕ (አጭር፣ የታፈነ ምት) የከበሮን ቦታ ይዟል፤ ስለዚህ እሱ ሶሎ ሲገባ ቾፑን ማን እንደሚረከብ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ ፊድሉ ነው።

ኮንደንሰር ማይክ ሹክሹክታም ይሰማል። ክር የምትቃኙት በክሊፕ ቱነር፣ ከማይኩ ሁለት ሜትር ርቃችሁ ይሁን። ባንጆን ከጂ ቃና ከፍ ወዳለው ኤ ስትወስዱ ካፖው (ክሮቹን በአንድ ላይ የሚጫነው መቆንጠጫ) ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለ ብረት መስመር) ላይ ይገባል፤ አጭሩ አምስተኛ ክር ግን ካፖው ስለማይደርስበት ሰባተኛው ፍሬት ላይ ባለችው ትንሽ ሚስማር ሥር መጠለፍ አለበት። ይህ ከተረሳ ባንጆው በሙሉ ከባንዱ ይጣላል። ካፖ መቀየር እንዳይበዛ በጂ ያሉትን ዘፈኖች በአንድ ላይ፣ በኤ ያሉትን በአንድ ላይ ደርድሩ።

ሰዉ እየጠጣ የሚያወራበት ቡና ቤትና ነፋስ ያለበት ሜዳ ለዚህ ዘዴ አይመቹም። ሜዳ ላይ ከሆነ ለማይኩ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ አልብሱ፤ ለጊታሩና ለማንዶሊኑ ደግሞ አጠር ያለ ሁለተኛ ማይክ በወገብ ከፍታ ጨምሩ።