ሳይጨቀጭቁ ማስለመድ፦ ግፊት ያለባት እናት ጨው እንድትቀንስና ክኒኗን እንድትውጥ እንዴት ማገዝ ይቻላል?

ግፊት እንዳለበት የማያውቅ ሰው መለካት አለበት፤ የእሱ ነገር እዚያ ላይ ያልቃል። የሚያስቸግረው እያወቀ የማይለወጠው ነው። ሐኪም ነግሮታል፣ ካርዱ ላይ ተጽፎለታል፣ ክኒኑም ቡፌው ላይ ተቀምጧል። ወጡ ግን ያው የድሮው ወጥ ነው። ልጆች ይጨቀጭቃሉ፣ እናት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

እዚህ ጎንደር በግፊት ክትትል ክፍል ስሠራ ከምንም በላይ የሚያደክመን ይኸው ነበር። የምጽፈው ግን ለባለሙያ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ግፊት ያለበት ሰው ላለው ሁሉ ነው። ምሳሌዬ እናት ናት። ለአባትም፣ ለአረቄም፣ ለሲጋራም መንገዱ ብዙ አይለይም።

መጀመሪያ በትክክል ለኩ

ከቀሃ ወንዝ ዳገቱን ወጥቶ ላቡ ሳይደርቅ የተለካ ሰው ቁጥሩ ቢያሻቅብ አይገርምም። እናት አምስት ደቂቃ አረፍ ትበል። ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ቡና ያልጠጣች ትሁን። ጀርባዋ ይደገፍ፣ እግሯ መሬት ይንካ፣ ክንዷ በልብ ትክክል ይቀመጥ፣ ስትለካም አታውሩ። ሐኪም ቤት ውስጥ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው ይባላል። መሣሪያ የምትገዙ ከሆነ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ለመያዝ ይመቻል እንጂ እጅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ይዋሻል።

ቀኑን ምረጡ

የጥምቀት ሰሞን፣ እንግዳ ቤቱን ሞልቶት፣ አይሆንም። ከለቅሶ መልስም አይሆንም። «እሱም እኮ ግፊቱን ንቆ ነው የሞተው» ማለት ሰውን ያስደነግጣል እንጂ አይለውጥም። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ሽንኩርት እየላጣችሁ ወይም ጥጥ እየፈተለች ቢሆን ይመረጣል። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይፈታል።

አውሩ፣ ግን አትከራከሩ

ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው።

የተለመደው ንግግር እንዲህ ይሄዳል። «እማየ፣ ጨው ተይ አልተባልሽም? ልትሞቺ ነው እንዴ?» እናት መልስ አታጣም። «ሞት በጨው ነው እንዴ? እናቴ ጨው እየበላች ዕድሜ ጠግባ ነው የሞተች።» ልጅ ትጨምራለች፣ እናትም ትጨምራለች። መጨረሻ ላይ ልጅ ለለውጡ ጠበቃ ቆማለች፣ እናት ደግሞ ለጨው። ሰው በአፉ የተከራከረለትን ነገር በልቡም እያጸናው ይሄዳል። ስለዚህ እናንተ ባስረዳችሁ ቁጥር እሷ ከጨው ጋር ትጣበቃለች።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ሚለር መጠጥ ያስቸገራቸውን ሰዎች ሲያክም ያየው ይህንኑ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1983 ጻፈው፤ በኋላም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር አዳበረው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ የመለወጫውን ምክንያት መናገር ያለበት ራሱ የሚለወጠው ሰው ነው። የእናንተ ሥራ እንዲናገረው መንገድ መክፈት ነው።

በመጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። «እማየ፣ ስለ ግፊትሽ ትንሽ ብናወራ ቅር ይልሻል?» «ዛሬ ተይኝ» ካለች የምር ተዉአት። ሌላ ቀን አለ። መተዋችሁን ስታይ ነው በሚቀጥለው የምታወራው።

እሺ ካለች መልስ በሌለው ጥያቄ አታፋጥጧት። «ለምን አትተይም?» ክስ ነው። «ከዚህ ግፊት የትኛው ነው የሚያሳስብሽ?» ግን ጥያቄ ነው። ከብዙ እናቶች የምሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ሞቱንስ አልፈራውም። አልጋ ላይ ወድቄ የሰው እጅ ማየት ነው የምፈራው።»

ይህን ስትሰሙ ምላሳችሁን ያዙ። «ታዲያ ለዛ እኮ ነው ጨው ተይ የምንልሽ!» ማለት ያምራችኋል። አትበሉ። ያለችውን ብቻ መልሱላት፦ «የሰው እጅ ማየት ነው የሚያስፈራሽ።» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ያስጨንቃል፣ ግን ቻሉት። ብዙ ጊዜ ቀጥላ የምትናገረው ራሷ ናት። «ክኒኑንስ እውጠው ነበር… ጨውስ ቢሆን ትንሽ ቢቀነስ ምን አለበት፣ ጣዕም አጣለሁ ብዬ እንጂ።»

ባለሙያዎች ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር እያሉ ይጠይቃሉ። ለኛ እናቶች ጣት ይሻላል። «ጨው ለመቀነስ ምን ያህል ቆርጠሻል? በጣትሽ አሳይኝ።» አራት ጣት ካወጣች «ለምን አስር አልሆነም?» አትበሏት፤ ሰበብ ነው የምትደረድርላችሁ። «ለምን አንድ አላልሽም?» በሏት። አሁን የምትደረድረው ምክንያት ነው።

ማሰሪያው «ታዲያ ከየት ብንጀምር ይሻልሻል?» ነው። የመረጠችው ነገር ትንሽ ቢመስላችሁም ተቀበሉ። እንጀራ ላይ የምትነሰንሰውን ጨው ብቻ ልተው ካለች፣ እሱ ይሁን።

የማያዋጣውን ላሳያችሁ። ለእረፍት ከውጭ የመጣ አንድ ልጅ፣ እናቱን ይወዳል፣ ቤት ውስጥ ያለውን ጨው ሁሉ ሰብስቦ ጣለ። እናት ምንም አልተናገሩም። ጨው በላስቲክ ቋጥረው ምጥን ሽሮው ዕቃ ውስጥ ቀብረው ነበር። እሱ አውሮፕላን እስኪሳፈር ድረስ ከጎረቤት ቤት እየበሉ ቆዩ። ክትትል ሲመጡ እየሳቁ ነው የነገሩን።

ወጥ ቤቱን ለውጡ

የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ ነበር የሚያሠለጥነው። ሐኪም ለብቻው ምርመራ ክፍል ቁጭ ብሎ የሰውን ቤት እንደማይለውጥ ያኔም ይታወቅ ነበር። ጨውም እንዲሁ ነው። የሚቀነሰው ምድጃው ጋ ነው። ወጥ የምትሠራውን ሰው፣ ልጅም ትሁን ሠራተኛ፣ ከጅምሩ አስገቧት። እሷ ካልተስማማች የእናት ውሳኔ ብቻውን ዋጋ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ማን በማንኪያ ይለካል? የሚሠራው ዘዴ ይኼ ነው፦ የአንድ ኪሎ ጨው ከረጢት ስትከፍቱ ላዩ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉ። አምስት አዋቂ ያለበት ቤት በቀን 25 ግራም ይበቃዋል። ስለዚህ ያ ኪሎ ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። በሁለት ሳምንት ካለቀ እያንዳንዱ ሰው በቀን 14 ግራም ገደማ እየበላ ነው። ክርክር አያስፈልግም፣ ከረጢቱ ይናገራል። በሚቀጥለው ከረጢት ጥቂት ቀን ማትረፍ ደግሞ ለእናትም ለወጥ ሠሪዋም ጨዋታ ይሆናል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ምጥን ሽሮውም፣ ሚጥሚጣውም እንደዚሁ። ወጡ ላይ የሚጨመረው ሁለተኛው ጨው ነው። ስለዚህ በርበሬ የሚዘጋጅበት ጊዜ ሲደርስ በግማሽ ጨው እንዲሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አንድ ጊዜ ተነጋግራችሁ ዓመቱን ሙሉ ትገላገላላችሁ። የሾርባ ኩብም በአብዛኛው ጨው ነው። ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ካለ እሱም ይቆጠር።

በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲቀነስ ምላስ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ ጠንከር ይበሉ። የምትጠቀሙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። «ለግፊት የሚሆን ጨው» እየተባለ የሚሸጠውን ግን ሐኪም ሳትጠይቁ አታምጡ። ብዙዎቹ ውስጥ ፖታሺየም አለ፣ ኩላሊት ለታመመ ሰው አደገኛ ነው።

ክኒኑ

መጀመሪያ ለምን እንዳቆመች እወቁ። «ደህና ነኝ» ከሆነ፣ ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት እንደሌለው ማሳያው መለኪያው ነውና አብራችሁ ቁጥሩን እዩ። ሌላው ምክንያት የማይነገረው ነው። አምሎዲፒን የእግር ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፣ ሁሉም ላይ ባይሆንም። እናት «ክኒኑ አልተስማማኝም» ብላ ዝም ብላ ትተወዋለች። «ታገሺ» አትበሏት። ሐኪሙ ጋ ሂዱና ንገሩት፤ መቀየሪያ አለ። በራስ ማቆም ግን አይሆንም።

ሰዓቱን በሚመለከት የስልክ አላርም አልወድም። ሲጮህ ታጠፋዋለች፣ ያልቃል። ክኒኑን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡት። ጠዋት ቡና የማይፈላበት ቤት የለም፤ አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት በውኃ ይዋጥ። ከቡና ጓደኞቿ አንዷ ግፊት ካለባት ደግሞ እድለኞች ናችሁ። ሁለት ጎረቤታሞች «ዋጥሽ?» ሲባባሉ ልጅ ከሚለው ይልቅ ይሰማል።

ጾም ሲገባ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያ በላይ የምትጾም እናት ጠዋት ክኒን አትነካም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን «ወደ ማታ ማዞር ይቻላል?» በሉት። በቀን አንዴ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሽንት የሚያበዛው ክኒን ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ሲያመላልሳት ያድራልና እሱን ለይታችሁ ጠይቁ።

ጸበልም አለ። «ጸበል ጀምሬ ክኒኑን አቆምኩ» ካለች ከእምነቷ ጋር ግብግብ አትግጠሙ። ትሸነፋላችሁ፣ መሸነፋችሁም ልክ ነው። ነፍስ አባቷን አነጋግሩ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ በይፋ መክረዋል። ጥያቄው በትሕትና ከቀረበላቸው «ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ» የሚሉ አባቶች ጥቂት አይደሉም። ያ አንድ ቃል የእኛን የዓመት ምክር ያስንቃል።

ስትመለስ

አንድ ቀን ወደ ድሮ ልማዷ ትመለሳለች። ክርስትና ቤት ሄዳ ዶሮ ወጡን ጥርግ አድርጋ ትመጣለች። ዝም በሉ። በማግስቱ ወደ ጀመረችው ለውጥ ትመለስ። ለንደን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት አንድ አዲስ ልማድ ያለ ትግል እስኪሠራ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አሳይቷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ብዙም እንደማይጎዳም ታይቷል።

በሳምንት አንዴ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ቀጠሮ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር በድንገት ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ግን ደብተሩንም መለኪያውንም ትታችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

ክኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሙሉት። ወደ ደምቢያ ወይም ወደ ወገራ ለተዝካር የምትሄድ ከሆነም «ነገ እመለሳለሁ» ማለቷን አትመኑ፤ የአራትና የአምስት ቀን ክኒን ከነጠላዋ ጋር ቦርሳ ውስጥ ክተቱላት።