ቮልቴጅን ከባትሪው ተርሚናል ላይ መለካት

ባለ 12 ቮልት የሶላር ቻርጅ ኮንትሮለር (ከሶላር ፓነል ወደ ባትሪ የሚገባውን ከረንት የሚቆጣጠር መሣሪያ) የምትሠሩ ሁሉ፣ የባትሪውን ቮልቴጅ ወፍራሙ ገመድ ከሚታሰርበት የኮንትሮለሩ ተርሚናል ላይ አትለኩ። ለገጣፎ በሠራነው አንድ መስመር ላይ ኮንትሮለሩ 14.4 ቮልት እያነበበ፣ ባትሪው ላይ ቮልት ሜትር ስናሳርፍ የተገኘው 14 ብቻ ነበር። ባትሪው በ3 ሜትር ርቀት፣ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ገመድ የተገናኘ ሲሆን፣ የደርሶ መልሱ 6 ሜትር ሬዚስታንስ 10 ሚሊ ኦም ያህል ስለሆነ፣ 40 አምፒር ሲያልፍበት 0.4 ቮልት ይበላል። ይህ መጠን በ220 ቮልት መስመር ላይ ከቁጥር አይገባም፤ እዚህ ግን ኮንትሮለሩ ባትሪው የሞላ መስሎት ከረንቱን ያለጊዜው እንዲቀንስ ያደርገዋል፣ በተለይ ፀሐይ በምትሰስትበት ክረምት ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል።

መፍትሔው ሁለት ቀጫጭን የመለኪያ ሽቦዎችን ከባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ላይ በቀጥታ አንስቶ ወደ መለኪያው ክፍል ማስገባት ነው። በእነዚህ ሽቦዎች የሚያልፈው ከረንት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ቢቀጥኑም ቮልቴጅ አይበሉም።

ሆኖም የመለኪያው ሽቦ ቢበጠስ ኮንትሮለሩ ዜሮ አንብቦ ባትሪውን ከልክ በላይ ሊሞላ ስለሚችል፣ በእያንዳንዱ የመለኪያ መግቢያና በአቻው የኃይል ተርሚናል መካከል 100 ኦም ሬዚስተር አስገቡ፤ ሽቦው ሲቋረጥ ንባቡ ወደ ቀድሞው ስሕተቱ ይመለሳል እንጂ አይጠፋም። በፖዘቲቩ ሽቦ ላይም፣ ባትሪው አጠገብ፣ ባለ 1 አምፒር ፊውዝ አይቅር። ከረንቱ ከ5 አምፒር ለማያልፍና ገመዱ አጭር ለሆነ ሥራ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም።