ጋራ ሚባለውን ትንሽ ዓሣ ወንዝ ዳር እንዴት እንለየዋለን

ጋራ ከእስያ በአረብ ምድር አድርጎ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ያለ፣ ብዙ ዝርያ ያለው የትንንሽ ዓሦች ወገን ነው። እኛም ጋ ሞልቷል፣ ግን ሰው ሁሉ ስለ ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ስለሚያወራ ማንም አያየውም፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ክረምት ላይ ወንዙ ስለሚደፈርስ አትልፉ፣ በጋ ላይ ውሃው ሲጠራ ሂዱ። ድንጋይ የበዛበትና ውሃው እየተጋፋ ሚወርድበትን ቦታ ፈልጉ፣ ጋራ እዛ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ አልጌ (ድንጋዩ ላይ ሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር) እየፋቀ ነው ሚበላው። ቢልሃርዝያ ስላለ በባዶ እግር አትግቡ፣ በተለይ ጣና አካባቢ፣ ቦቲ ጫማና የጎማ ጓንት አድርጉ። መረቡን ውሃው በሚሄድበት በኩል ይዛችሁ ድንጋዩን ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ ስትጨርሱ ደሞ እንደነበረ መልሱት ምክንያቱም ስሩ ሌላም ፍጥረት አለ።

የያዛችሁትን ከዛው ወንዝ በተቀዳ ውሃ ብልቃጥ ውስጥ አድርጉና ከሆዱ በኩል ፎቶ አንሱት። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ብዙ ሰው ከጎን ብቻ አንስቶ ይመጣል፣ ከጎን ሲታይ ግን ባርበስ የሚባለው የሌላ ዓሣ ጫጩትም ተመሳሳይ ነው። የጋራ አፍ ከጭንቅላቱ ስር ነው ያለው፣ ከታችኛው ከንፈሩ ኋላ ደሞ ክብ ሥጋ አለ፣ ጎርፍ እንዳይወስደው ድንጋይ ላይ ሚጣበቀው በሱ ነው። ባርበስ ከንፈሩ ቢወፍርም ይሄ ክብ ነገር የለውም።

ዝርያውን መለየት ግን ይከብዳል። ጢሙን ቁጠሩ፣ አብዛኞቹ ሁለት ጥንድ ሲኖራቸው ጋራ ዱኦባርቢስ አንድ ጥንድ ብቻ ነው ያለው። ጣና ውስጥ ያለው ጋራ ሬግሬሰስ ደሞ ክቡ ሥጋ በጣም አንሷል፣ ስለዚ ትንሽ ነው ብላችሁ ጋራ አይደለም አትበሉ። ሁለቱንም ከጋራ ታናና ከጋራ ደምበጫ ጋር ለሳይንስ ያስተዋወቁት የዓሣ ተመራማሪዎቹ አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስታያስኒ ናቸው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ 5 አዳዲስ ዝርያዎች ሲገልጹ የአፍሪካን ጋራዎች በሙሉ መለያ ቁልፍም (ምልክታቸውን እያዩ ዝርያውን ሚለዩበት ዝርዝር) አብረው አውጥተዋል፣ ፎቷችሁን ከሱ ጋር አስተያዩት።

ዓሣ ለመያዝ ውሃ ውስጥ ሚጨመረውን መርዛማ ተክል ብርብራን እንዳትጠቀሙ በጣም እለምናችኋለሁ፣ ትልቁንም ትንሹንም ነው ሚፈጀው። ፎቶ እንዳነሳችሁ ወዲያው እዛው የያዛችሁበት ቦታ ልቀቁት፣ ወደ ሌላ ወንዝ ወስዳችሁ እንዳትጨምሩት።