የቦርድ ምርጫ፣ ከጎጃም ሆኖ

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። የሒሳብ መዝገብ አያያዝ አስተምራለሁ። ከአሥር ዓመት በፊት ከአክስቴ ጋር ሆነን የአንድ የግል ባንክ አክሲዮን ገዛን። አክስቴ ቢቸና ላይ ጤፍ ትነግዳለች። ሰርተፍኬቷን ከቤቷ ካርታ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። የትርፍ ድርሻ ሲመጣ ደስ ይላታል። አንድ ቀን "ለመሆኑ ቦርዱን ማን ነው የመረጠው?" አልኳት። "እነሱው ናቸዋ፣ ልጄ" አለችኝ።

እነሱው አይደሉም። የዳይሬክተሮች ቦርድን የሚመርጠው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነው። አክስቴም የዚያ ጉባኤ አባል ናት። ይህን የምጽፈው ሰርተፍኬታቸውን ሲቆልፉ ድምፃቸውንም አብረው ለቆለፉ ሰዎች ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ዳንግላ ብትሄዱ ብዙ አሉ።

መጀመሪያ እኔ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። የምርጫ ዓመት ነው ሲባል ሰምቼ ሌሊት 11 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዓባይ በረሃን ተሻግሬ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። በልቤ አንድ ሰው ይዤ ነበር። ዕድሜያቸውን በብድር ሥራ ላይ የጨረሱ፣ ጡረታ የወጡ፣ ገበሬና ነጋዴ ምን እንደሚቸግረው የሚያውቁ ጋሼ ናቸው። ምርጫው ላይ ሲደረስ እጄን አውጥቼ "መጠቆም እፈልጋለሁ" አልኩ። መድረክ ላይ ያሉት ሰውዬ በትሕትና "ጥቆማው ከተዘጋ ቆይቷል" አሉኝ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሳየው የዕጩዎቹ ስም ቀድሞ ታትሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር አለ። ትንሽ ባለአክሲዮን የሚሸነፈው አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ከዚያ በፊት ነው። የጥቆማ ቅጹ ሲያመልጠውና ውክልናውን ባዶ ፈርሞ ሲሰጥ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሣጥኑ ነው። ሰርተፍኬቱን አውጡት። ስንት አክሲዮን እንደፈረማችሁና ስንቱን ከፍላችሁ እንደጨረሳችሁ እዩ። የተፈረመ ማለት ልትገዙት ቃል የገባችሁት ነው፣ ከተከፈለው ጋር አንድ አይደለም። ቀጥሎ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ስልካችሁንና አድራሻችሁን አሳድሱ። ይኼ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። አክስቴ አክሲዮኑን ስትገዛ የሰጠችው ስልክ የሟቹ ባሏ ነበር። ባንኩ ለዓመታት መልእክት ሲልክ የኖረው ለዚያ ስልክ ነው። ባለአክሲዮኑ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ወራሾች የፍርድ ቤት ማስረጃ ይዛችሁ አክሲዮኑን በስማችሁ አዙሩ። በሟች ስም ድምፅ አይሰጥም።

የጊዜ ሰሌዳውን እንዲህ ያዙት። የባንኮች የሒሳብ ዓመት ሰኔ መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል። ኦዲት ተደርጎ አብዛኛዎቹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ጉባኤ ይጠራሉ። ቦርድ የሚመረጠው ለሦስት ዓመት ነው። የእናንተ ባንክ ቦርድ መቼ እንደተመረጠ ጠይቁና ሦስት ዓመት ቁጠሩ። ከዚያ ዓመት ሐምሌ ጀምሮ ነቅታችሁ ጠብቁ። ዕጩዎችን የሚቀበል አስመራጭ ኮሚቴ አለ፣ ቅጽ ያወጣል፣ ቀን ይቆርጣል። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ጋዜጣ እኛ ጋ ስለማይደርስ እኔ በየሳምንቱ ቅርንጫፉ ጎራ እያልኩ "የጥቆማ ቅጽ ወጣ?" እላለሁ። አሁን ልጆቹ ገና በር ላይ ሲያዩኝ "አልወጣም መምህር" ይሉኛል።

ባንክ ከሆነ ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በባንክ ሕግ ከካፒታሉ 2 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘ ሰው ተጽዕኖ ፈጣሪ ባለአክሲዮን ይባላል። ከዚያ በታች የያዝነው ለብቻችን ጠቁመን ለብቻችን የምንመርጣቸው የቦርድ መቀመጫዎች አሉ። ለእኛ ተብሎ የተቀመጠ በር ይኼ ነው። ስትጠቁሙ ግን ዝምድናን ተዉት። የተመረጠውን ሰው ብሔራዊ ባንክ ካላጸደቀው ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ንጹሕ የብድር ታሪክ ያለው ሰው ፈልጉ። ፈቃዱንም ቀድማችሁ ጠይቁት። ሳይጠየቁ ተጠቁመው "አልፈልግም" ያሉ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ውክልናው። ሁላችንም አዲስ አበባ መሄድ አንችልም። ገንዘቡ አለ፣ የመኸር ሥራው አለ፣ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ መንገዱ ራሱ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለጎጃም ሰው ውክልና ማለት ድምፅ ማለት ነው። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከጉባኤው ሦስት ቀን ያህል ቀደም ብሎ ዋናው መሥሪያ ቤት በአካል ቀርቦ ቅጽ መሙላት ነው። ሁለተኛው ውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና ለሚሄደው ሰው መስጠት ነው። ለእኛ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ተወካዩ ዋናውንና ኮፒውን፣ የራሱንም መታወቂያ ይዞ ይሄዳል። ትክክለኛውን ቀን ከጥሪው ላይ አንብቡ፣ ድርጅቱ የጻፈው ነው የሚሠራው።

አንድ ዓመት አንድ ሰው ሰፈራችን መጥቶ ውክልና ሲሰበስብ አገኘሁት። ቅጹን አክስቴ ፊት ዘርግቶ "እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እማማ" ይላታል። አንስቼ አየሁት። የአክስቴ ስም ተጽፏል። የአክሲዮኑ ቁጥር ተጽፏል። የተወካይ ስም የሚለው መስመር ላይ ምንም የለም። "ለማን ነው የምትፈርመው?" አልኩት። "በኋላ ይሞላል" አለኝ። አክስቴ ብዕሩን አስቀመጠች። በሬዋን ለማታውቀው ሰው "ገበያ አውጣልኝ፣ ዋጋውን አንተ ታውቃለህ" ብላ አትሰጥም። ይኼም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ውክልና ስትሰጡ የተወካዩ ስም ይጻፍ። ለየትኛው ጉባኤ እንደሆነ ይጻፍ። መሸጥ መለወጥ የሚል ቃል እንዳይገባበት፣ መሰብሰብና ድምፅ መስጠት ብቻ ይሁን። ማንን እንደሚመርጥላችሁም አብራችሁ ተነጋገሩ።

እኛ ባለፈው ምርጫ 31 ሰዎች ሆነን 2,140 አክሲዮን አሰባሰብን። ያሰባሰብነው በእድር ነው። ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ሰው ሳይበተን ግማሽ ሰዓት ለመንኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ነበረብኝ። በእድርና በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው። በአክሲዮን ማኅበር ግን የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን አክሲዮን ነው። 10 ያለው 10፣ 10,000 ያለው 10,000 ይቆጠርለታል። አንድ ሽማግሌ "ታዲያ እኛ ምን ልናመጣ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ በቁጥር ብቻ ትልልቆቹን አናሸንፍም። ግን ለትንንሾች የተለየውን መቀመጫ የሚወስነው እንዲህ እየተለቃቀመ የሚመጣ ድምፅ ነው።

ትልቅ ገንዘብ ያላቸውም ቢሆኑ ሰው ካላሰባሰቡ አይሆንላቸውም። የለንደን አክሲዮን ገበያን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. የሆነው ይኼ ነው። ቲሲአይ የሚባል የሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛ ፈንድ 5 በመቶ ያህል ድርሻ ይዞ የቦርዱ ሰብሳቢ ዶናልድ ብራይደን እንዲነሱ አስቸኳይ ጉባኤ አስጠራ። ታኅሣሥ ላይ ድምፅ ሲሰጥ 79 በመቶው ሰብሳቢውን ደገፈ። የዚሁ ፈንድ ሰዎች በ2005 እ.ኤ.አ. የፍራንክፈርቱን ገበያ የሚያስተዳድረው ዶይቸ ቦርዘ ላይ 8 በመቶ ያህል ይዘው ነበር። ያን ጊዜ ሌሎች ባለአክሲዮኖች አብረዋቸው ስለቆሙ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቨርነር ዛይፈርት ለቀቁ። ልዩነቱ አብሮ የቆመው ሰው ብዛት ነበር።

የእኛም አገር የአክሲዮን ገበያ ራሱ አክሲዮን ማኅበር ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመንግሥት ድርሻ 25 በመቶ ነበር። ሌላው የግል ነው። ከባለአክሲዮኖቹ ውስጥ 16 የግል ባንኮችና 12 መድን ድርጅቶች አሉበት። ባንካችሁ ከእነዚያ አንዱ ከሆነ የገበያው ጉባኤ ላይ ባንኩን ወክሎ የሚቀመጠው ሰው መነሻው እናንተ የመረጣችሁት ቦርድ ነው። የቢቸናው ሣጥን እዚያ ድረስ ይደርሳል። ለአክስቴ ይኼን ስነግራት ቡናዋን አስቀምጣ "እንዴት አድርጎ?" ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

አዳራሽ ስትገቡ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው። በጊዜ ድረሱና ተመዝገቡ። ሪፖርቱን ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡ፣ የኦዲተሩ አስተያየትና ማብራሪያዎቹ ያሉት እዚያ ነው። የተበላሸ ብድር ከአምናው ጨመረ ወይ? ከዳይሬክተሮቹ ጋር ዝምድና ላላቸው ሰዎች ስንት ብድር ተሰጠ? አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ፣ ገጹን ጥቀሱ፣ በሁለት ደቂቃ ጨርሱ። መጨረሻ ላይ "ጥያቄዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ" በሉ። እኔ መጀመሪያ ሳልል ቀርቼ ጥያቄዬ የትም አልተጻፈም።

ስትመለሱ ውክልና የሰጧችሁን ሰዎች አንድ በአንድ ደውሉላቸው። ማን እንደተመረጠ፣ እናንተ ለማን እንደሰጣችሁ፣ የትርፍ ድርሻው ስንት እንደተወሰነ ንገሯቸው። ባለፈው 31 ስልክ መደወል ሁለት ማታ ፈጀብኝ። አክስቴ ቀድማኝ ነበር የደወለችው። "ጋሼ ገቡ?" አለችኝ። "ገቡ" አልኳት።