ማሞቂያው ተቀጣጥሎ ወዲያው ሲጠፋ፦ የነበልባል ሴንሰር ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

የጋዝ ማሞቂያው ይነሳል፣ በርነሩ (ጋዙ የሚነድበት ክፍል) ይቀጣጠላል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ግን እሳቱ ድርግም ይላል። ደጋግሞ ሞክሮ ካልሆነለት ራሱን ይቆልፋል።

እሳቱ የሚቆይበትን ጊዜ ልብ ይበሉ። ጭራሽ ካልተቀጣጠለ ሴንሰሩን አይነካኩ፤ ማቀጣጠያው ወይም የጋዝ ቫልቩ ይታይ። ለደቂቃዎች ነዶ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ ማሞቂያው ከልክ በላይ ግሎ ነው።

ምክንያቱ

ሴንሰሩ ነበልባሉ ውስጥ የሚገባ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ሙቀት አይለካም። የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ቦርድ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይልክበታል፤ ነበልባሉ ደግሞ ኤሌክትሪኩን በአመዛኙ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ቦርዱ «እሳት አለ» የሚለው ይህን ባለ አንድ አቅጣጫ (ቀጥተኛ) ከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ሲያገኝ ነው። መጠኑ ጥቂት ማይክሮአምፔር ብቻ ስለሆነ፣ ዘንጉ ላይ የተጋገረ ለዓይን እንኳ የማይታይ ስስ ሽፋን ሊያግደው ይችላል። ያኔ ቦርዱ ጋዙን ይዘጋል፤ ያልነደደ ጋዝ እንዳይጠራቀም የሚያደርገው ጥበቃ ነውና ትክክል ነው። በሽቦ አገናኝቶ ለማለፍ መሞከር አደገኛም ከንቱም ነው፤ ቦርዱ በቀላል ሽቦ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ከነበልባል ይለየዋል።

መፍትሄው

የጋዝ ሽታ ካለ ምንም ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ከቤት ይውጡና ከውጭ ሆነው ለጋዝ አቅራቢው ወይም ለእሳት አደጋ ይደውሉ።

ሽታ ከሌለ መብራቱንም ጋዙንም ያጥፉ፣ ማሞቂያው ይቀዝቅዝ። ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ብሎን የተያዘ ነው። ሽቦውን ነቅለው ያውጡት፤ ዘንጉን የያዘው ሴራሚክ በቀላሉ ስለሚሰበር አይጫኑት። ዘንጉን በጣም በደቀቀ የብረት ሽቦ መፈግፈጊያ ቀስ አድርገው ይሹት። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይጭረዋል፣ ጭረቱም ቆሻሻ ይይዛል። በንጹህ ደረቅ ጨርቅ ጠርገው በቦታው ይመልሱት። አዲስ ሴንሰር፣ ይባስ ብሎም አዲስ ቦርድ ከመግዛት በፊት ይህ መሞከር አለበት።

አሁንም ከጠፋ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ከረንቱ በውስጡ እንዲያልፍ በሴንሰሩና በሽቦው መካከል አገናኝተው በቀጥተኛ ማይክሮአምፔር ይለኩ። በአብዛኞቹ ማሞቂያዎች ከ2 እስከ 6 ደህና ነው፤ ከ1 በታች አያስተማምንም። ዘንጉ ንጹህ ሆኖ ንባቡ ዝቅ ካለ ሴራሚኩ ተሰንጥቆ፣ ሽቦው ላልቶ ወይም ዘንጉ ከነበልባሉ ወጥቶ እንደሆነ ይዩ። ብዙዎች የሚዘነጉት ግራውንዱን (የከረንቱን መመለሻ መስመር) ነው፤ ከረንቱ የሚመለሰው በበርነሩ አካል በኩል ስለሆነ የዛገ መገናኛ ብቻውን ሴንሰሩን ጥፋተኛ ያስመስለዋል።

ሽፋኑ በየሳምንቱ የሚመለስ ከሆነ ማሞቂያው የሚስበው አየር ተበክሎ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ የተቀመጠ ሳሙና፣ ኬሚካልና ስፕሬይ ካለ ያንሱ፤ ካልተሻለ የጋዝ ግፊቱንና በርነሩን ባለሙያ ይፈትሽ።