የሚጮህ ቺንጋ፦ መንስኤው የደከመ ቴንሽነር ነበር

የመኪናዬ ቺንጋ ጩኸት ጎልቶ የሚሰማው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝና የፊት መብራት ሲበራ ነበር፤ ይህም ዲናሞው ወይም የመሪው ፓምፕ ጭነት ሲበዛበት ቺንጋው በፑሌጃው (በሚዞርበት መንኮራኩር) ላይ እንደሚንሸራተት ይጠቁማል። ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሠራ፣ እጄንና ልብሴን ከሚሽከረከሩት ክፍሎች አርቄ፣ ቦይ ባለው የቺንጋው ገጽ ላይ ጥቂት ውሃ ረጨሁ። ውሃው ድምፁን ለጊዜው አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬዬ ወደ ፑሌጃዎቹ አሰላለፍ ባመራ ነበር፤ ይኸኛው ግን ባሰበት፣ ስለዚህ ችግሩ የውጥረት ማነስ መሆኑን ተረዳሁ።

ሞተሩን አጥፍቼ፣ የቺንጋውን አካሄድ በወረቀት ላይ ከነደፍሁ በኋላ፣ ቴንሽነሩን፣ ማለትም ቺንጋውን በሞላ ወጥሮ የሚይዘውን ክፍል፣ በቁልፍ ገፍቼ ቺንጋውን አወጣሁት። ገጹ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ አንድም ስንጥቅ ግን የለውም። በእርግጥ ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ቺንጋዎች ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ስለሆኑ፣ ሳይሰነጠቁ ቦያቸው እየሰፋ ያልቃሉና ስንጥቅ አለመታየቱ ለደህንነታቸው ማስረጃ አይሆንም። ፑሌጃዎቹን በእጄ ሳሽከረክራቸው የዲናሞውም የውሃ ፓምፑም ኩሽኔታ ያለ ድምፅ ዞረ፤ የቴንሽነሩ ክንድ ግን ያለ ብዙ ጉልበት ይገፋል፣ ሲለቀቅም እየተንገጫገጨ በዝግታ ይመለሳል።

የፑሌጃዎቹን ቦዮች በደረቅ ብሩሽ አጽድቼ ቴንሽነሩንና ቺንጋውን አብሬ ቀየርሁ፤ አዲስ ቺንጋ በደከመ ሞላ ላይ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው። ጩኸቱም ጠፋ። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠውን የቺንጋ ቅባት አልተጠቀምሁም፤ ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናል እንጂ ሞላውን አያጠነክርም፣ አቧራም ይሰበስባል።